ጀርባዋ የተመለጠ ዶሮ

በአዲስ አበባ፣ በለቡ፣ በመካኒሳ ወይም በሐና ማርያም ሰፈር ጓሮ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ዶሮዎች ማርባቱ የቆየ ልማድ ነው። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በከተማው ዶሮ የሚያረባው ሰው በርክቷል። ጫጩቶቹ ብዙ ጊዜ የሚገዙት 45 ቀን ገደማ ሲሞላቸው፣ ሴቱ ከወንዱ ሳይለይ ነው። ካደጉ በኋላ ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አውራ ሆነው ይገኛሉ፤ «ለበዓል ይቆዩ» ተብለውም ከሴቶቹ ጋር ይቀመጣሉ። ብዙም ሳይቆይ የአንዷ ጀርባ ይሳሳል፣ ከዚያም ቆዳዋ ይገለጣል።

ባለቤቶቿ በመጀመሪያ የሚጠረጥሩት በሽታ ነው። መድኃኒት ከመግዛት በፊት ግን ላባው የረገፈበትን ቦታ ማየት ይበጃል። አውራ ዶሮ ሴቷን ሲሰርር የማጅራቷን ላባ በመንቁሩ ነክሶ ይይዛል፣ በሁለት እግሩ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ላለመውደቅም በጥፍሮቹ እየቧጠጠ ይረግጣል። ስሪያው በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ በቀን ውስጥ ግን ይደጋገማል። ስለዚህ ማጅራቷ፣ ጀርባዋና የክንፎቿ ሥር ተመልጠው ደረቷና ሆዷ ደህና ከሆኑ ምክንያቱ አውራው ነው። አውራ ደግሞ ሁሉንም እኩል አይሰርርም፤ የሚያዘወትራት አለችው፣ ቀድማ የምትራቆተውም እሷ ናት። ዕድሜው የገፋ አውራ ከሆነ ከእግሩ ኋላ የሚያድገው ሹል ጥፍር ጎኗን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል።

ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 12 ሴቶች ያስፈልጉታል። በጠባብ ግቢ አራት ሴቶች ከሁለት አውራ ጋር ሲውሉ መሸሻ የላቸውም፤ አውራዎቹም ስለሚፎካከሩ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። እንዲህ ባለው ግቢ የሚፈሰው ቅባትና መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት ለዶሮ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም ለተመለጠ ጀርባ አይሠራም።

መፍትሔው ትርፉን አውራ መለየት ነው፤ ነገር ግን «አውራው ከሄደ እንቁላሉ ይቀራል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይሁንና ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች፤ ሱቅ የሚመጣው የእርባታ እንቁላል በአብዛኛው አውራ አይተው ከማያውቁ ዶሮዎች የተገኘ ነው። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ለዚያም ቢሆን ዘሩ በሴቷ ሰውነት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ፣ አውራውን ለብቻው አስቀምጦ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ማቀላቀል ይበቃል።

በእርግጥ የላባ መርገፍ ሁሉ የአውራ ጥፋት አይደለም። በፊንጢጣዋ ዙሪያ ላባው ሳስቶ ሥሩ ላይ ነጭ ቅጫም ከተጣበቀ ቅማል ነው። አንዱ ዓይነት ቅንቅን ደግሞ ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ደም ይመጥጣል፤ እሱን ለማግኘት ሲመሽ በባትሪ የቆጡን ሥር መፈተሽ ነው። እቅፍ የያዘች ዶሮ የደረቷን ላባ ራሷ ትነጫለች። ጤነኛ ዶሮም በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ላባዋን ትቀይራለች፣ በዚያን ጊዜም መጣል ታቆማለች። ተመራማሪዎች የአገራችንን ዶሮዎች ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማና ነጭ ብለው ሲለዩ መላጣ ያሏት አንገቷ ከተፈጥሮዋ ላባ የሌለው ናት፤ እሷን ማከም አያስፈልግም።

አውራው ከተለየ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከሥሩ የተነቀለ ላባ በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፤ የተሰበረው ግን ጉቶው ቆዳዋ ውስጥ ስለሚቀር እስከ ቀጣዩ የላባ ቅየራ ድረስ አይተካም። ባለቤቶች «አውራውን አስወግጄ እንኳ አልዳነችም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ላባ 90 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ ፉርሽካ ብቻ አይበቃትም፤ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ወይም የኑግ ፋጉሎ ሊጨመርላት ይገባል። ደረቅ አፈርና አመድ የምትንደባለልበት ጥግ ካገኘች ከቅማሉም ታርፋለች። የቆሰለች ከሆነች ለብቻዋ ትቀመጥ፤ ደም ያዩ ዶሮዎች ቁስሉን እየጠቀጠቁ ሊገድሏት ይችላሉ።

ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ባሉት በእነዚህ ሰፈሮች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የተራቆተች ዶሮ ከምትበላው ላይ ብዙውን ሰውነቷን ለማሞቅ ስለምታውለው እንቁላሏ ይቀንሳል። ስለዚህ ግቢዎ ውስጥ ጀርባዋ የተመለጠ ዶሮ ካለች ዛሬውኑ አውራዎቹን ይቁጠሩ፤ ትርፍ ከሆኑ በዓል እስኪደርስ አይጠብቁ፣ ይለዩዋቸው ወይም ይሽጧቸው።