ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሰውነት ማጎልመሻ ለምን ይማራል?

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በዳሮ ለቡ ወረዳ የምትገኘው መቻራ በቡናዋ፣ በማሽላዋና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚያድግ ልጅ ጠዋት ውኃ ይቀዳል፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከብት ይጠብቃል፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅትም ከቤተሰቡ ጋር ማሳ ላይ ይውላል። የዚህ ልጅ አባት ሲሮጥ የሚውለውን ልጅ መምህሩ ሩጫ የሚያስተምረው ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት፣ ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ በመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በአንድነት ይሰጡ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግን ሁለቱን ለይቷቸዋል። አንደኛው የክወናና የእይታ ጥበባት ሲሆን ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ድራማንና ሥዕልን ይይዛል። ሁለተኛው ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ነው። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጥ፣ የመቻራ ተማሪ ይህን ትምህርት የሚያውቀው «ጀቤኛ ቃማ» በሚለው መጠሪያ ነው።

ወደ አባትየው ጥያቄ ስንመለስ፣ የእርሻና የእረኝነት ሥራ ሰውነትን ያደክማል፤ ሁሉንም የሰውነት ክፍል እኩል አያጎለብትም። ጀሪካን የምትሸከም ልጅ በየዕለቱ የምታሠራው ያንኑ ወገቧንና ያንኑ ትከሻዋን ነው፤ ሸክሙ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ደግሞ ይጎዳታል እንጂ አያጠነክራትም። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በአንጻሩ ሚዛን መጠበቅ፣ መዝለልና በትክክል ማረፍ፣ መወርወርና መቅለብ፣ ከእንቅስቃሴ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ በቅደም ተከተል ይሰጣሉ። ልጁ የጨዋታን ሕግ ማክበር፣ ተራ መጠበቅና ሽንፈትን መቀበልም የሚማረው እዚያው ነው። ከብት ጥበቃ ብቻውን የሚውል ልጅ ይህን ከየትም አያገኘውም። የትምህርቱ የጤና ክፍል የግል ንጽሕናንና አመጋገብን ስለሚጨምር፣ ልጁ የሚማረው ነገር ወደ ቤትም ይገባል።

የከተማው ልጅ ችግር ሌላ ነው፤ ከመቀመጫው የሚነሳበት ጊዜ እያነሰ ሄዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንከር ያለ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲታከልበት ይመክራል። የትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜ ብቻውን ይህን አይሞላም፤ ግን ልጁ ሌላውን ሰዓት እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚማርበት ነው።

ሥዕልና ሙዚቃ የበለጠ የሚናቁ ይመስላል። ሆኖም እርሳስ መቆጣጠር ያቃተው የ1ኛ ክፍል ሕፃን ፊደል ከመጻፉ በፊት ጣቶቹን የሚያፍታታው በሥዕልና በጭቃ ሥራ ነው። ባለ ቀለም ሰንደዶ እየቆጠረ የሰፌድ ጥለት የሚያወጣ ልጅ መደጋገምንና እኩልነትን፣ ማለትም ሒሳብን፣ በእጁ እየሠራ ነው። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ የታወቀው ሸጎዬ ዜማንና እንቅስቃሴን በአንድ ምት ስለሚያስኬድ ለሙዚቃውም ለሰውነት ማጎልመሻውም ያገለግላል። ሥዕልም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በለገ ኦዳ የድንጋይ ከለላ፣ በጥንት ዘመን የኖሩ ሰዎች የሣሏቸው የከብት ምስሎች እስካሁን ይታያሉ።

ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲቃረብ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ የሚወሰዱት የእነዚህ ትምህርቶች ክፍለ ጊዜያት ናቸው፤ ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣሉ ወይም ተማሪው «ውጡና ተጫወቱ» ተብሎ ይለቀቃል። ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር መቀመጥ ማስተማር አይደለም። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት መያዙ የተለመደ በመሆኑ፣ ሙዚቃ ያልተማረ መምህር ሙዚቃ እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። ስለዚህ በጭሮ ያለውን ዓይነት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራንን በእነዚህ ትምህርቶች በተግባር ማሠልጠኑ ወሳኝ ነው።

የቁሳቁስ እጥረት እውነት ቢሆንም ሁልጊዜ በቂ ምክንያት አይሆንም። የጨርቅ ኳስ፣ የቃጫ ገመድ፣ ከሰል፣ ጭቃና የማሽላ አገዳ በመቻራ አይጠፉም፤ ልጆቹ ራሳቸው ከአገዳ መኪናና ቤት ሲሠሩ ይታያሉ። የሴት ልጆች አለባበስ ለወላጅ ስጋት ከሆነም፣ ሰፊ ሱሪና ሻርፕ ለብሰው የሚሠሩበትን መንገድ ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ልጅቷን ከክፍለ ጊዜው ማስቀረት ግን መብቷን ይነካል። አካል ጉዳተኛ ተማሪም ቢሆን እንቅስቃሴው እንደ አቅሙ ተስተካክሎ ሊሰጠው ይገባል እንጂ ዳር ቆሞ ተመልካች መሆን የለበትም።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የሚገኝ ወላጅ ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላል፤ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት በእርግጥ ይሰጣል ወይ? የልጁ ውጤትስ የተሞላው ልጁ ሲሠራ ታይቶ ነው ወይስ እንዲያው በግምት? በተማሪው ካርድ ላይ በሁለቱ ትምህርቶች የክፍሉ ልጆች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት ካገኙ፣ መልሱን ከወዲሁ መገመት አያዳግትም።