«ጽጌ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?»
ተዋናይ ሲቀየር ገጸ ባሕርዩ ወዴት ይሄዳል?

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ፣ የግቢያችን ሚኒ ሚዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሚያሰማው ተከታታይ ድራማ ላይ ዱብ ዕዳ ወረደ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላውን ጽጌን ሆና የምትጫወተው የክፍላችን ልጅ፣ አባቷ በጠና ስለታመሙ ዊዝድሮው ሞልታ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ድራማው ገና ስድስተኛ ክፍሉ ላይ ነው። ማታ ተሰብስበን መከርን። አንዱ «ዐረብ አገር እንላካት» አለ። ሌላው «ባጃጅ ይግጫትና እንገላገል» አለ። ደራሲያችን ግን ታሪኩ በሙሉ የቆመው በጽጌ ላይ ስለሆነ አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የእሷን አነጋገር እያስመሰልኩ ሳስቃቸው ይሰሙ ነበርና።

ሰባተኛው ክፍል በተላለፈ ዕለት ከካፌ ስወጣ አንዱ ተማሪ «ጽጌ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ዶርም ስገባ ደግሞ ጓደኛዬ «ጥሩ ነው፤ ግን እሷ አይደለሽም» አለችኝ። ለምን ይዋሻል፣ አልቅሻለሁ። ስለ ተዋናይ መተካት ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። «ሶፕ ኦፔራ» የሚባለው ድራማ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሬዲዮ ሲጀመር እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ የሳሙና አምራቾች ወጪውን ይሸፍኑ ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው «ጋይዲንግ ላይት» በ1937 በሬዲዮ ተጀምሮ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ፣ እስከ 2009 ድረስ 72 ዓመት ዘልቋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ተዋናይ ይታመማል፣ ይወልዳል፣ በክፍያ ይጣላል፣ ይሞታል። ታሪኩ ግን ነገም መቀጠል አለበት። (ሄለን ዋግነር የምትባለው ተዋናይት ግን «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» ላይ ናንሲ የተባለችውን ሴት ከ1956 ጀምራ እስከ 2010 ተጫውታለች። እንዲህ ያለው በሺህ አንድ ነው።)

አዘጋጆች ለዚህ ችግር የተለያየ ዘዴ አላቸው። በአሜሪካ የቀን ድራማዎች ላይ አንዳንዴ ድምፅ ብቻ ይመጣና «ከዛሬ ጀምሮ እገሌን ሆና የምትጫወተው እገሊት ናት» ብሎ ያልፋል። አለቀ! «ዳይናስቲ» ላይ ደግሞ ስቲቨንን ይጫወት የነበረው አል ኮርሊ ሲለቅ፣ ገጸ ባሕርዩ በነዳጅ ማውጫ ላይ ፍንዳታ ደርሶበት ፊቱ በቀዶ ሕክምና ተቀየረ ተባለና በ1983 ጃክ ኮልማን ሆኖ ተመለሰ። የቱርኮቹ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ስለ ሱልጣን ሱለይማን በሚተርከው «ሙህተሼም ዩዝዪል» ላይ ሁረምን ሆና ዝነኛ የሆነችው መርየም ኡዘርሊ በ2013 ድራማውን ጥላ ስትወጣ፣ በቀጣዩ ሲዝን ቫሂዴ ፔርቺን ተተካች። አዲሷ ሁረም በዕድሜ የገፋች ሆና ስለቀረበች፣ በሁለቱ መልክ መካከል ያለውን ልዩነት ዕድሜ ይሸከመዋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እኔ እስከማየው ድረስ ደራሲዎቻችን ተዋናይ ከመተካት ይልቅ ገጸ ባሕርዩን ውጭ አገር መላክ ወይም መግደል ይቀናቸዋል። አልፈርድባቸውም። ኢቲቪ ላይ ይታይ በነበረው «ሰው ለሰው» አስናቀን ሆኖ የተጫወተውን አበበ ባልቻን አስቡት። እስቲ በአንዱ ሳምንት ሌላ ሰው መጥቶ «አስናቀ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ሐምሌት ሲሆን ግን ማንም አይከፋም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን ሐምሌት በየዘመኑ ሌላ ሰው ቢጫወተው «ያኛው የት ሄደ?» የሚል ተመልካች የለም። ወደ ቴአትር ቤት የምንሄደው እኛ ነን። የቴሌቪዥን ሰው ግን በየሳምንቱ ቤታችን የሚመጣ ጎረቤት ነው፤ የጎረቤት ፊት ሲቀየር ደግሞ ዝም አይባልም።

ግማሽ መተካትን ግን እንደለመድነው አትርሱ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር «ጥቁር ፍቅር» ላይ ያየነው ዑመር ፊቱ የቱርካዊው የኤንጊን አክዩሬክ፣ ድምፁ የአገራችን ሰው ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ዑመር አማርኛ የሚችል ይመስላታል።

ታዲያ ተተኪው ተቀባይነት የሚያገኘው በምንድን ነው? በመጀመሪያ መልሱ ማስመሰል መስሎኝ ነበር። የጓደኛዬን ቅጂዎች ደጋግሜ እየሰማሁ ሳቋን ሳይቀር አጠናሁ። ውጤቱ ባሰ! በኋላ ግን የሰባተኛውንና የስምንተኛውን ክፍል ቅጂ ስንሰማ አንድ ነገር ታዘብኩ። ዓሣ አጥማጁን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ «ጽግዬ» ከማለቱ በፊት ትንሽ ያቆማል። ትንሽ ናት፣ ግን ትሰማለች። አላመነም ማለት ነው። እሱ ካላመነ ሰሚው በምን ዕዳው ይመን? ለዘጠነኛው ክፍል አዘጋጃችን ስለ ድምፄ ምንም ሳይል ለእሱ ብቻ «ስኒህን ስጣትና ሁለተኛ እንድትቀዳልህ ጠይቃት» አለው። እኔም ማስመሰሉን ተውኩ። በዚያ ሳምንት ስለ ጉንፋን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሁረምም ስትቀየር ሱለይማንን የሚጫወተው ሃሊት ኤርጌንች ያው ራሱ ነበር፤ አዲሷን እንደ ድሮዋ ማየቱን ቀጠለ።

ይህን ሐሳቤን የሚፈታተን አንድ ታሪክ አለ። «ዳላስ» ላይ የቤቱን አባት ይጫወት የነበረው ጂም ዴቪስ በ1981 ሲሞት፣ አዘጋጆቹ ሌላ ሰው ከመተካት ገጸ ባሕርዩን በሄሊኮፕተር አደጋ እንዲሞት አደረጉ። እናትየዋን ሚስ ኤሊን የምትጫወተው ባርባራ ቤል ጌዴስ በ1984 ስትለቅ ግን ዶና ሪድን ተኩ። ልጆቿ ሆነው የሚጫወቱት ሁሉ «እማማ» ብለው ተቀበሏት። ሆኖም በዓመቱ ቤል ጌዴስ ልመለስ ስትል ዶና ሪድ ተባረረች፤ ከስሳም ካሳ አገኘች፤ በ1986 መጀመሪያ ላይ ሞተች። ባለቤቱ በሕይወት ያለበት ወንበር ላይ መቀመጥ እንዲህ ነው።

ይህን ያነበብኩት ጓደኛዬ ልትመለስ ነው የሚል ወሬ በሰማሁበት ሰሞን ስለነበር እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቷ ተሽሏቸው ዘንድሮ ተመለሰች። እኔም «ጽጌ ያንቺ ናት፣ ውሰጃት» አልኳት። «አንቺ ከያዝሻት በኋላ ቡናዋ ሌላ ሆኗል፣ እኔ አላውቀውም» ብላ ሳቀችብኝ። ደራሲያችን ከወንዶ ገነት የመጣች የጽጌ ታላቅ እህት ጻፈላት። ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ማይክራፎን ፊት ቆመን ተጣላን። አሁን ደግሞ ሚኒ ሚዲያው በር ላይ የሚመጣው ጥያቄ «ከሁለቱ ጽጌ የትኛዋ ናት?» የሚል ነው።