ማሽላ ጠላቱን የሚጠራው እንዴት ነው?

ቆቦ ሜዳ ላይ፣ አፈሩ እርጥበት እያለው ማሽላው ጠውልጎ ካገኙት አቀንጭራ የምትባለውን ጥገኛ አረም ይጠርጥሩ። ሐምራዊ አበባዋ ብቅ ሲል ከሥር ሆና ማሽላውን መምጠጥ ከጀመረች ሳምንታት አልፈዋል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል።

ታዲያ የመብቀያዋን ጊዜ ማን ይነግራታል? ራሱ ማሽላው! ፎስፈረስ ሲያጥረው ሥሩ ስትራይጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ጥሪው ፎስፈረስ ለሚያቀብሉት ፈንገሶች ነበር፤ ግን አቀንጭራም ትሰማዋለች። ከሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር የራቀችው ዘር በቅላ ሥሩን ትወጋለች። መሬቱ በደኸየ ቁጥር ማሽላው አብዝቶ ይጣራል፤ የከፋ ጉዳት የሚደርሰውም የሚያዳብርበት በሌለው ገበሬ ላይ ነው።

ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ይህን ጥሪ ተከታተሉ። ዘዴያቸው ይህ ነው፦ የአቀንጭራ ዘር አጋር በሚባል የረጋ ነገር ውስጥ ይበተንና ማሽላ ይበቅልበታል። ሥሩ ራቅ ያለውን ዘር ከቀሰቀሰ ያ ማሽላ አይፈለግም፤ አጠገቡ ያለውን እንኳ ካልቀሰቀሰ ለማዳቀል ይመረጣል። አፈር የሸሸገው ነገር በዓይን ታየ። ገቢሳ ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤልጂኤስ1 የተባለው ጂን ታወቀ። ይህ ጂን የጎደለው ማሽላ ጥሪውን ይለውጣል እንጂ ዝም አይልም፤ በአብዛኛው የሚለቀው ኦሮባንኮል አቀንጭራን እምብዛም አይቀሰቅስም። ከሌላ ፍጡር የገባ ጂን የለም፤ ጉድለቱ ድሮም በአንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ውስጥ ነበር።

ከገቢሳ ሥራ የተገኙት ጎብዬና አብሽር የተባሉ የማሽላ ዝርያዎች አገራችን ውስጥ ለገበሬ ተለቀዋል። ቁመታቸው ግን አጭር ነው። ቆቦ በሚገኝበት በራያ አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ ቤት ይሠራበታል፤ ስለዚህ ገበሬው ረጃጅሞቹን የአገር ማሽላዎች፣ ደጋሊትንና ጅጉርቲን፣ አልተውም ቢል እውነቱን ነው። ዛሬ ከቡቃያ ቅጠል ቁራሽ ወስዶ ጂኑ የጎደለውን መለየት ስለሚቻል፣ ከረጅሙ የአገር ማሽላ ጋር ደጋግሞ እያዳቀሉ ቁመቱን ማቆየት ይቻላል። መደረግ ያለበትም ይኸው ነው። እስከዚያው ፍግ መጨመር ጥሪውን ያቀዘቅዛል፤ አቀንጭራዋም ዘር ሳታፈራ ትነቀል።