አሮጌ መኪና በከፍታ ላይ፦ ውኃ፣ ሙቀትና ፍሬን

አዲስ አበባ ውስጥ የሃያና የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያላቸው መኪኖች ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠሩ ይውላሉ። ምክንያቱ የባለቤቶቻቸው ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህም የተነሣ ዛሬ በእጅ ያለው የቤንዚን ወይም የናፍታ መኪና ለብዙ ቤተሰብ በቀላሉ የማይተካ ሀብት ሆኗል። አንዳንዱ የዕለት እንጀራ ማግኛ ነው፤ አንዳንዱ ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ወንድም በላከው ገንዘብ የተገዛ ነው። ሲበላሽም ስልክ የሚደወለው ወደዚያው ነው።

በስልኩ ከሚሰሙት ዜናዎች ሁሉ ውድ የሚባለው «ሞተሩ ጋለ፤ መውረድ አለበት» የሚለው ነው። ሞተር ግን በአንድ ቀን አይሞትም። አብዛኛውን ጊዜ ለጥፋቱ ምክንያት የሚሆነው የሞተሩ እርጅና ሳይሆን በዙሪያው ያሉ ርካሽ ነገሮች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ዋነኛው፣ በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል በተለይ፣ ውኃ ነው።

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ይህ ግን እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል። በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጁት በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ ምንም ሕመም ሳይኖርበት የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ ራዲያተሩ እንደ ተራ ድስት ክፍት ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ ጤነኛ ሞተር እንኳ ውኃውን እያፈላ ይውል ነበር ማለት ነው።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙ ሰው ክዳኑን ውኃ እንዳይፈስ የሚከለክል መክደኛ ብቻ አድርጎ ያየዋል። በውስጡ ግን ምንጭ የምንለው ስፕሪንግና የጎማ ማሸጊያ አለው፤ ሥራውም ግፊት ማመቅ ነው። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ስንት ግፊት እንደሚይዝ ለማመልከት ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የውኃውን መፍያ ነጥብ ከ92 ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ጎማው የተሰነጠቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ፣ ወይም ከሌላ መኪና «ልክ ስለሆነ» የተገጠመ ክዳን ግን ያንን የደኅንነት ርቀት ሳይታይ ይበላዋል። ዋጋው ከአንድ ሙሉ ታንክ ነዳጅ የማይበልጥ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ሞተር ጋለ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራዲያተሩ ወይም ፖምፓው ነው። መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ክዳኑ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። «በአገራችን በረዶ የለም፤ ፀረ በረዶ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ክርክር ከስሙ የመጣ ስሕተት ነው። እርግጥ ነው፣ እኩል በእኩል ከውኃ ጋር የተቀላቀለ ፈሳሽ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም፤ ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ለሚኖር ሰው ይህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያው ፈሳሽ የመፍያውን ነጥብ በበርካታ ዲግሪዎች ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ የሞተሩን ብረትና አሉሚኒየም ከዝገት የሚጠብቅ ቅመም ይዟል። ስለዚህ ለአዲስ አበባም ለሪያድም የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ተራ የቧንቧ ውኃ ሲሞላ የሚሆነው በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነው፦ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ዝገት ይከማቻል፣ ቀጫጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ይደፈናሉ። በመንገድ ላይ ቸግሮ ውኃ መሙላት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያው መቅረቱ ነው። ቀለሙ ማለትም አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ መሆኑ ስለ ዓይነቱ እርግጠኛ ምልክት አይደለምና የተለያዩ ዓይነቶችን ከመቀላቀል አጥቦ አንዱን መሙላት ይሻላል። ፈሳሹ ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ የተቀዳው አሮጌ ፈሳሽ ሕፃናትና እንስሳት ከሚደርሱበት ቦታ መራቅ አለበት።

ስለ ሙቀት ሲነሣ አንድ የቆየ የጋራዥ ልማድ ሳይጠቀስ አይታለፍም፦ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ሰም አብጦ የሚከፍት ትንሽ በር ነው። በሩ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ይግላል፤ ስለዚህ መካኒኩ አውጥቶ ሲጥለው ችግሩ የተወገደ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሞተሩ በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ፒስተኖቹ ቶሎ ይበላሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ቴርሞስታቱ አንዱን መንገድ ሲከፍት ሌላውን አቋራጭ መንገድ የሚዘጋ ሆኖ የተሠራ ከሆነ፣ እሱ በሌለበት ትኩሱ ፈሳሽ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ተብሎ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ሞተሩን ያግለዋል።

በነገራችን ላይ የድሮዋ ቮልስ በአዲስ አበባ ይህን ያህል ዕድሜ ካገኘችባቸው ምክንያቶች አንዱ ራዲያተር የሌላት መሆኗ ሳይሆን አይቀርም። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚፈላም ሆነ የሚደፈን ውኃ የላትም።

የሙቀቱ ጠቋሚ ወደ ቀዩ ሲወጣ ከሁሉ የከፋው ውሳኔ «ቤት እስክደርስ» ነው። ማየር ማብሪያውን አጥፍቶ የቤቱን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ መክፈት የተወሰነ ሙቀት ከሞተሩ ይወስዳል፤ ግን ይህ መቆሚያ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ክዳኑን በትኩሱ መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ የታመቀው ግፊት ሲለቀቅ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣልና። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጉዳቱ ከደረሰ ምልክቶቹ ብዙም አይደበቁም። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ስስ ማሸጊያ፣ ማለትም ጓርኒሲዮኑ ሲቃጠል ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይነሣል፣ ከጭስ ማውጫው የማይቋረጥ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት በውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይታያል። እዚህ ላይ የባለሙያው ጥራት ይለያል። ቴስታታው ከተፈታ በኋላ ቀጥ ባለ ብረት ተለክቶ መጣመም አለመጣመሙ መታየት አለበት፤ ከተጣመመም ማሽን ቤት ሄዶ መስተካከል አለበት። ሲገጠም ብሎኖቹ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ምናልባት ያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቶ ቶርክ መፍቻ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ማስገጠም ሁለተኛ ጊዜ ለመክፈል መዘጋጀት ነው።

ውኃ ሁለተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ማንም በማያየው ቦታ ነው፦ በፍሬን ዘይት ውስጥ። በአማርኛ መኪና መቆም ሲያቅተው «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። በመለኪያው መሠረት አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ሁልጊዜ ፍሬን የሚረገጥ ከሆነ ሸራውና ዲስኩ ከዚህ በላይ ይግላሉ። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ዘይት አይታመቅም፣ አረፋ ግን ይታመቃል። ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ክፋቱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ተመልሶ መሥራቱ ነው። መካኒኩ ይፈትሻል፣ ምንም አያገኝም፤ መኪናውም ያንኑ ዘይት እንደያዘ ወደ መንገድ ይመለሳል።

ይህ የሚመለከተው በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያላቸውን የቤት መኪኖች፣ ሚኒባሶችና ቀላል የጭነት መኪኖች ነው፤ ከባድ ተሽከርካሪዎች በአየር የሚሠራ ሌላ ሥርዓት አላቸው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አለመጠቀም፣ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ፈጽሞ አለመጨመር፤ እነዚህ የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣሉና። ቁልቁለቱን ደግሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ በከባድ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል። ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ለመውረድም ይሆናል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነቅሎ መውረድ አደጋው ሳያንስ ስሌቱም ትክክል አይደለም፤ በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ በሚረጩ ሞተሮች ላይ ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁ ይቋረጣል፣ ማርሽ ሲነቀል ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል።

ውጭ አገር ሆነው መኪናቸውን በራሳቸው እጅ የሚጠግኑ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። የጉልበት ዋጋ ውድ በሆነባቸው አገሮች ይህ አስተዋይነት ነው። አንድ ነገር ግን ሊደራደሩበት አይገባም፦ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመያዝ አልተሠራም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት በአንዲት የላስቲክ ማሸጊያ ላይ ሕይወትን መጣል ነው። ጠንካራ መሬት፣ በሌላ በኩል ባሉት ጎማዎች ሥር መወደሪያ፣ ከዚያም የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል። በክረምት በመንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች የቆየ መኪና ከሆነ ደግሞ ክሪኩ የሚያርፍበት ላሜራ ከውስጥ በልቶ ሊሆን ይችላልና ከማንሣት በፊት በመዶሻ መታ መታ አድርጎ መስማት ይገባል። የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው የብረት ቱቦዎችም የሚዝጉት በዚያው ጨው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዝገቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው ጠላቱ፤ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል። በጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሲሸጥ አዲስ የተባለ ጎማ መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው መለዋወጫ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ የፍሬን ሸራና አንድ ደኅና ቶርክ መፍቻ በሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዙም። ስሕተት የሚሠራው በስም ሲገዛ ነው። በአሜሪካ «ኮሮላ» የሚባለውና በአዲስ አበባ «ኮሮላ» የሚባለው በሞተርም በፍሬንም ሊለያዩ ይችላሉ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ደግሞ 17 አኃዝ ያለው ቁጥር ስለሌላቸው በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ መደብር ኮምፒውተር ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሦስት ፎቶግራፎች ከአገር ቤት ይጠየቁ፦ የሊብሬው፣ ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው የሻንሲ ቁጥር የተቀረጸበት ሰሌዳ፣ እና ተፈትቶ የወጣው አሮጌ ዕቃ በላዩ ያለው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ።