ሳይቃጠል በቅጠል፦ የነዳጅ ቱቦ መጋጠሚያና የተሽከርካሪ ደህንነት

አንድ ተሽከርካሪ ጋራዥ ሲገባ ከሚከናወኑለት ሥራዎች መካከል በዋጋ አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ የነዳጅ ቱቦ መቀጠል ነው። ሥራው የሚጠይቀው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ተጣጣፊ ቱቦና አንድ ሁለት ማጥበቂያ በመሆኑ በጥገና ሰነድ ላይ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ይሁንና ይህ ትንሽ ሥራ በአግባቡ ካልተከናወነ ተሽከርካሪውንና ተሳፋሪዎቹን ለእሳት አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ቀደም ሲል የገቡትን ተንከባክቦ ለረጅም ጊዜ መገልገል ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። የተሽከርካሪ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ደግሞ የብረት ቱቦው በዝገት፣ ጎማው በሙቀት ስለሚጎዳ የመቀጠል ሥራው እየበዛ ይሄዳል።

ነዳጅ በተለምዶ ሰልባትዮ ከሚባለው ማጠራቀሚያ ተነስቶ ወደ ሞተር የሚጓዘው በአብዛኛው በሻንሲው ላይ በታሰረ የብረት ቱቦ ነው። ሞተሩ ግን በጎማ መቀመጫዎች ላይ ያረፈ በመሆኑ ሲሠራ ከሻንሲው ተለይቶ ይንቀሳቀሳል። ብረቱ በቀጥታ ከሞተሩ ጋር ቢገናኝ በንዝረት ብዛት ይሰነጠቃል። በሁለቱ መካከል ተጣጣፊ ቱቦ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ከሙቀትና ከጭረት እንዲጠበቅ ላዩ በቀጫጭን ሽቦ ተጎንጉኖ ይሸፈናል።

መጋጠሚያው የሚሸከመው ግፊት እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ካርቡሬተር ባላቸው ተሽከርካሪዎች ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ባር አይበልጥም። በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዝ መርጫ በሚሠሩ የቤንዚን ሞተሮች ግን እስከ 3 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህም በአውቶሞቢል ጎማ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት የሚበልጥ ነው። ለካርቡሬተር የተሠራ ጎማ ቱቦ በዚህ መስመር ላይ ቢገጠም ሊያብጥና ሊፈነዳ ይችላል። ልዩነቱ በቱቦው ላይ የሚታተም ሲሆን፣ በአሜሪካው ኤስ.ኤ.ኢ ደረጃ “ጄ30 አር7” የሚለው ለዝቅተኛ ግፊት፣ “ጄ30 አር9” የሚለው ደግሞ ለመርጫ ሞተር የሚያገለግል ነው።

ብረቱንና ተጣጣፊውን ቱቦ ማገናኘት የሚቻልባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ጎማውን በብረቱ ላይ አጥልቆ በተለምዶ ፋሼታ በሚባለው ማጥበቂያ ማሰር ነው። በዚህ ጊዜ የብረቱ ጫፍ ልሙጥ መሆን የለበትም። በዙሪያው ቀለበት መሰል ጉብታ ሊወጣለት፣ ጎማው ጉብታውን አልፎ ሊገባና ፋሼታውም ከጉብታው በስተኋላ ሊውል ይገባል። ልሙጥ ብረት ላይ የታሰረ ጎማ በግፊትና በንዝረት ቀስ በቀስ ተንሸራቶ ይወጣል። ውስጡ ስንጥቅ ያለበት ተራ ፋሼታም ጎማውን ስለሚቆርጥ፣ ለመርጫ ሞተር ውስጡ ለስላሳ የሆነው ተመራጭ ነው።

በሽቦ በተጎነጎነ ቱቦ ላይ ግን ፋሼታ ማሰር አስተማማኝ አይደለም። ሽቦው ግፊቱን ስለሚሻማ የውስጡ ጎማ ብረቱን በእኩል አይጨብጥም። ለዚህ ዓይነቱ ቱቦ ሁለተኛው መንገድ ተገቢ ነው። ይኸውም ዳዶና ደጋፊ ቀለበት በብረቱ ላይ ቀድሞ እንዲገባ ተደርጎ የብረቱ አፍ እንደ ጡሩንባ ይከፈታል፤ ከዚያም በተጎነጎነው ቱቦ ጫፍ ላይ ከተገጠመው ባለ ጥርስ መጋጠሚያ ጋር ይታሰራል።

እዚህ ላይ ሁለት ልኬቶች ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የአፉ ማዕዘን ነው። ለተጎነጎነ ቱቦ የሚሠሩት መጋጠሚያዎች በአብዛኛው የ37 ዲግሪ ሲሆኑ፣ በብዙ ጋራዦች የሚገኘው የፍሬን ቱቦ መክፈቻ መሣሪያ ግን የ45 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የታሰሩ ቢመስሉም ማንጠባጠባቸው አይቀርም። ሁለተኛው ውፍረት ነው። ቁጥር 6 የሚባለው መጋጠሚያ 9.5 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦ የተሠራ በመሆኑ ለ10 ወይም ለ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ አይሆንም።

በናፍጣ ተሽከርካሪ ላይ የመጋጠሚያ ጉድለት በሌላ መልክ ይታያል። ፓምፑ ነዳጁን ከማጠራቀሚያው በሚስብበት መስመር ላይ የላላ መጋጠሚያ ነዳጅ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ያስገባል። በመሆኑም ሞተሩ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ዳገት ላይም ጉልበት ያጣል። ምክንያቱ በወቅቱ ካልታወቀ ጤነኛው ፓምፕ በከፍተኛ ወጪ እስከ መለወጥ ሊደረስ ይችላል። ከከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ወደ መርጫዎቹ የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ግን በጎማም ሆነ በተጎነጎነ ቱቦ ፈጽሞ አይተኩም።

ሥራው ሲከናወን አስቀድሞ የመስመሩን ግፊት ማስወገድና የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት ያስፈልጋል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። ብረቱ በቱቦ መቁረጫ ተቆርጦ ውስጡ ከብናኝ መጽዳት አለበት። ዳዶው ሲጠብቅም ብረቱ እንዳይጠመዘዝ ሁለት ቁልፍ መጠቀም ይገባል። የተጎነጎነው ሽቦ የሚነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ስለሚበላ ከሌሎች ቱቦዎችና ገመዶች አርቆ ማሰር ያሻል። በመጨረሻም ባትሪው ተመልሶ ፓምፑ እንዲሠራ ከተደረገ በኋላ መጋጠሚያው በደረቅ ወረቀት እየተጠረገ በባትሪ መብራት ይፈተሻል።

ከዚህ አኳያ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። በግዥ መጠየቂያ ላይ “ጎማ ቱቦ 1 ሜትር” ብሎ መጻፍ ለርካሹና ለማይመጥነው ዕቃ በር ይከፍታል። የነዳጁ ዓይነት፣ የግፊቱ መጠንና የውስጥ ስፋቱ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ተሽከርካሪውን ከመረከብ በፊትም ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይጠቅማል፦ የብረቱ ጫፍ ጉብታ ወይም የተከፈተ አፍ አለው? ቱቦው ለዚህ ግፊት የተሠራ ነው? መጋጠሚያው ግፊት እያለበት ተፈትሿል?

ሦስቱን ለመጠየቅ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ብሂል በነዳጅ ቱቦ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።