ዓሣና ዕንቁላሉ፦ ከባሌ ወንዝ እስከ ሐዋሳ ሐይቅ

በግ ደጋ ይስማማዋል። ግመል ቆላ ይስማማዋል። ዓሣም እንደዚሁ ነው፤ ደገኛ አለው፣ ቆለኛም አለው። ዛሬ የምናነበው ስለ ሁለት ዓሦች ነው። አንደኛው ትራውት ይባላል። ሁለተኛው ሐዋሳ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቆሮሶ ነው።

ትራውት የደጋ ዓሣ ነው። ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ካልሆነ አይኖርም። ለምን? ዓሣም እንደኛ ይተነፍሳል። የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ ያለውን አየር በስንጥቡ እየሳበ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ አየር ይይዛል። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ትንሽ ነው። ትራውት ደግሞ ብዙ አየር ይፈልጋል።

ይህ ዓሣ በአገራችን አልነበረም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። ወይብ አንዱ ነው፤ ደንካም ሌላው ነው። ወይብ ማለት ወደ ታች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ነው። በዲንሾ በኩል አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ውሃው እጅ ያደነዝዛል። ለትራውት ግን ተስማማው፤ ተራባም።

ትራውት የሚጠመድበት ዘዴ ያስገርማል። ትል አይደረግም፤ መረብም አይጣልም። ዓሣው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ነፍሳትን ይበላል። ስለዚህ አጥማጁ በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ይጠመጥምበታል። መንጠቆው ዝንብ ይመስላል። ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሳል። ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ወራጁ ውሃ አዙሮ ይቆማል፤ ምግቡ ከዚያ ይመጣለታልና። ብልህ አጥማጅ ስለዚህ ከበስተኋላው፣ ከታች በኩል ቀስ ብሎ ይጠጋል። ወንዙ በዝናብ ሲደፈርስ ግን ዓሣው ዝንቧን አያያትም። ዝናቡ አባርቶ ውሃው ሲጠራ ነው ጊዜው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እነዚህ ሁለት ዓሦች ልጆቻቸውን እንዴት ያሳድጋሉ?

ሴቷ ትራውት በወንዙ ወለል ላይ ጠጠሩን በጅራቷ ትቆፍራለች። ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ጠጠር ታለብሰዋለች፤ ትታውም ትሄዳለች። ዕንቁላሉን የሚጠብቀው በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ንጹሕ ውሃ ነው። ጎርፍ አፈር ካመጣና ጠጠሩን ከደፈነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

የቆሮሶ ነገር ሌላ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እንደ ሳህን ያለ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሴቷ እዚያ ትጥላለች። ከዚያስ? ዕንቁላሉን በአፏ ታነሣዋለች! አትውጠውም። በአፏ ይዛ ታቅፈዋለች። በዚያን ጊዜ እንደ ልቧ አትበላም። ዕንቁላሉ ተፈልፍሎ ልጆቹ መዋኘት ሲጀምሩም አትተዋቸውም። አደጋ ሲመጣ ተሽቀዳድመው ወደ እናታቸው አፍ ይገባሉ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን አይደል? የቆሮሶ ዕንቁላል ደግሞ ቀስ በቀስ ይዋኛል። እናቱ ካለች!

እንግዲህ አንድ አጥማጅ በዳርቻው መረብ ሲጎትት ምን ይሆናል? እናቲቱ ትያዛለች። በአፏ ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ ዕንቁላሎች አብረው ይጠፋሉ። የመረቡ ዓይን ጠባብ ከሆነ ደግሞ ገና ያልወለዱት ትንንሾቹም ይወጣሉ። ሥጋቸው ከአንድ ጉርሻ አያልፍም። በዓመቱ ግን አድገው ገበያ የሚሞሉት እነርሱ ነበሩ። ዘሩን ፈጭቶ የበላ ገበሬ ሲዘራ ምን ይበትናል?

በሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ጀልባ ዓሣ ያወርዳል። ቆሮሶም አምባዛም ይመጣል። ሴቶችና ወጣቶች ይበልታሉ፤ ሾርባና ጥብስ ይሸጣል፤ አባ ኮዳም ቆሞ ትርፍራፊውን ይጠብቃል። በዚህ ሥራ የሚኖረው ቤተሰብ ብዙ ነው። አንዳንዱ አጥማጅ «እኔ ትንሿን ብለቃት ጎረቤቴ ይይዛታል፤ ልጆቼስ ዛሬ ምን ይብሉ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢተው አይጠቅምም። ስለዚህ ነው ስምምነት የሚያስፈልገው። ዓሣ ማጥመድን በሥርዓት ለመምራትም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ ሐይቅ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቁት አጥማጆቹ ራሳቸው ተስማምተው፣ ዓይኑ ሰፊ መረብ ይዘው፣ የመራቢያውን ዳርቻ ሲተዉ ነው።

«እኔ ገበሬ ነኝ፤ ዓሣ አላጠምድም» የምትሉስ? እናንተንም ይመለከታል። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባ አፈርና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ከጎኑ የነበረውን ቸለለቃን አስቡ። ቀድሞ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግ ሆኗል፤ ከተራራው የታጠበ ደለልም ሞልቶታል። ያ ደለል የማን ማሳ አፈር ነበር?

እርከን የሠራ ገበሬ ማሳውን ብቻ አላዳነም፤ ዓሣውንም አድኗል። በሐይቁ ዳር ያለውን ቄጠማና ፊላ ያልነቀለ ሰው ለትንንሾቹ ዓሦች መደበቂያ ትቶላቸዋል።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ከዚያም በሚቀጥሉት ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. ትራውት በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚኖረው ለምንድን ነው?
2. ቆሮሶ ዕንቁላሏን የት ትይዛለች?
3. ከእናንተ ማሳ የሚታጠበው አፈር ወዴት ይሄዳል? በዚህ ዓመት ምን ታደርጉለታላችሁ?