ሰልፉ እዚህ፣ ጦርነቱ ሌላ አገር

የፈረንሳይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዤራልድ ዳርማናን ኦክቶበር 12 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በየአውራጃው ለሚገኙ የመንግሥት እንደራሴዎች አጭር ትእዛዝ ላኩ። ፍልስጤምን የሚደግፍ ሰልፍ የሕዝብን ጸጥታ ሊያውክ ስለሚችል ይከልከል የሚል ነበር። ሐማስ በእስራኤል ላይ ጥቃት ካደረሰ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። የዚያኑ ዕለት ምሽት ግን ሰዎች ፓሪስ መሐል ወዳለው የሪፐብሊክ አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስም በአስለቃሽ ጭስና በውኃ መድፍ በተናቸው። ነገሩ ወደ ኮንሴይ ዴታ፣ ማለትም ወደ አገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በስድስተኛው ቀን ውሳኔ ሰጠ፤ ትእዛዙን ባይሽረውም ጥርሱን አወለቀው። የሚኒስትሩን መልእክት ብቻ ይዞ፣ ወይም ሰልፉ ፍልስጤማውያንን ይደግፋል በሚል ምክንያት ብቻ ማንም ሰልፍ ሊከለክል አይችልም፤ እያንዳንዱ ሰልፍ በየቦታው ባለው ሁኔታ ለብቻው ይመዘን አለ። በተከታዩ እሑድ በዚያው አደባባይ በሕግ የታወቀ ሰልፍ ተካሄደ።

ሌላ አገር ስላለ ጦርነት በሚደረጉ ሰልፎች ላይ የሚጣለውን ገደብ ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሚኒስትሩን «አይሆንም» የሚል አካል አለ ወይ? ካለስ የሰልፉ ቀን ሳያልፍ ይደርሳል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ሰልፈኛው ማን ነው የሚለው ነው፤ ዜጋ ነው ወይስ የመኖሪያ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ የሚኖር እንግዳ? ከአገራቸው ውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

በወረቀት ላይ ሕጉ ተመሳሳይ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 21 በሰላም የመሰብሰብን መብት ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ማብራሪያም መብቱ ስደተኛንና ጥገኝነት ጠያቂን ጨምሮ የውጭ ዜጋን እንደሚያካትት፣ ሰልፈኛውም በተቻለ መጠን መልእክቱ ሊደርሰው ከሚፈልገው አካል ዓይንና ጆሮ እንዳይርቅ ይላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ኮንቬንሽን ግን ብዙዎች የማያነቡት አንቀጽ 16 አለው፤ መንግሥታት የውጭ ዜጎችን የፖለቲካ እንቅስቃሴ ቢገድቡ ኮንቬንሽኑ አይከለክላቸውም። የጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8ም ያለ ፈቃድ የመሰብሰብን መብት የሚሰጠው ለ«ጀርመናውያን ሁሉ» ነው፤ የውጭ ዜጋው ከለላ የሚያገኘው ከሌሎች ድንጋጌዎች ነው።

በርሊን ውስጥ ክልከላው የጀመረው ከጋዛው ጦርነት በፊት ነው። በ2022 እና በ2023 ፍልስጤማውያን በ1948 የተፈናቀሉበትን ቀን ለማሰብ የተጠሩ ሰልፎችን ፖሊስ ከለከለ፤ ምክንያቱም ባለፉት ሰልፎች የጥላቻ መፈክር ተሰምቷል የሚል ነበር። ከኦክቶበር 2023 በኋላ ክልከላው በረታ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ለሦስት ቀን የታቀደ የፍልስጤም ጉባኤ በመጀመሪያው ቀን በፖሊስ ተበተነ። በጉባኤው ሊናገር የመጣው እንግሊዛዊ ፍልስጤማዊ ቀዶ ሐኪም ጋሳን አቡ ሲታ ከአየር ማረፊያ ተመለሰ። በሱ ላይ የተጣለው የመግቢያ እገዳ ሕገ ወጥ መሆኑን የፖትስዳም ፍርድ ቤት የወሰነው በቀጣዩ ወር፣ ጉባኤው ካለፈ በኋላ ነበር። ውሳኔው ለሐኪሙ ክብሩን መለሰለት፤ ሊናገር ያሰበውን ግን የሚሰማ አዳራሽ አልነበረም። ጀርመን ከናዚ ዘመን የተሸከመችው ኃላፊነት እውነተኛና ከባድ ነው፤ በአይሁዳውያን ላይ የሚነዛ ጥላቻም በሕግ መጠየቅ አለበት። ይሁን እንጂ ትናንት አንድ ሰው በጮኸው መፈክር ዛሬ ሌላው ሰው ሐዘኑን እንዳይገልጽ መከልከል፣ ያልተሠራን ጥፋት መቅጣት ነው።

የብሪታንያው መንገድ ለየት ይላል። በ1986ቱ የሕዝብ ጸጥታ ሕግ መሠረት ሚኒስትር ብቻውን ሰልፍ መከልከል አይችልም፤ ጥያቄው መጀመሪያ ከፖሊስ መምጣት አለበት። በኖቬምበር 2023 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሱኤላ ብራቨርማን በጦርነት የወደቁ ወታደሮች በሚታሰቡበት ቀን የተጠራውን ሰልፍ አጥብቀው ቢቃወሙም፣ የለንደን ፖሊስ አዛዥ ማርክ ራውሊ ማስረጃው ሕጉ ከሚጠይቀው ደረጃ አልደረሰም ብለው እገዳ ሳይጠይቁ ቀሩ። በፖሊስ ግምት 300,000 ሰው ወጣ። ብራቨርማን በሁለተኛው ቀን ከሥልጣን ተነሡ። ሆኖም ያ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። በጁላይ 2025 መንግሥት ፓለስታይን አክሽን የተባለውን ቡድን በሽብርተኝነት ሕግ ሲያግድ፣ ቡድኑን እደግፋለሁ የሚል ወረቀት ይዞ መቀመጥ ራሱ ወንጀል ሆነ። በኦገስት 9 በአንድ ቀን ብቻ ከ500 በላይ ሰው ለንደን ውስጥ ታሰረ፤ ከነሱ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ነበር።

ለኢትዮጵያውያን እጅግ የሚታወቀው የሰልፍ ቦታ ግን ኤምባሲ ደጃፍ ነው። የ1961ዱ የቪየና ኮንቬንሽን አስተናጋጁ አገር የኤምባሲን ሰላምና ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ መንግሥታትም «ክብር» የሚለውን ዘርግተው ሊተረጉሙት ይወዳሉ። ዋሽንግተን ውስጥ ለሃምሳ ዓመት ያህል የጸና ሕግ ነበር፤ ከኤምባሲ 150 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት የባለቤቱን መንግሥት የሚያዋርድ ጽሑፍ ይዞ መታየትን ይከለክል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ይህን ክልከላ ሻረ። በ2020 በተጀመረው የትግራይ ጦርነት ወቅት ደጋፊውም ተቃዋሚውም ዋሽንግተን ላይ እንደልቡ ሲሰለፍ የቆመው በእንዲህ ያለ ውሳኔ መሠረት ላይ ነበር።

አንዳንዴም አስቸጋሪው ፍርድ ቤት መፍቀዱ ይሆናል። በጁላይ 2023 የጀርመኗ ጊሰን ከተማ የኤርትራ መንግሥት ደጋፊዎችን ፌስቲቫል ስትከለክል ፍርድ ቤት ክልከላውን አነሣው፤ በዕለቱ በተፈጠረው ግጭት 26 ፖሊሶች ቆሰሉ። ሴፕቴምበር 2 ደግሞ ቴል አቪቭ ውስጥ ደጋፊና ተቃዋሚ ኤርትራውያን ተጋጩ፤ ፖሊስ ጥይት ተኮሰ፣ ከ150 በላይ ሰው ተጎዳ። ከከለከለችው ከተማ ይልቅ ከፈቀደው ፍርድ ቤት ጋር እቆማለሁ፤ ሁለቱን ወገን በርቀትና በሰዓት መለየት የፖሊስ ሥራ ነውና። ቴል አቪቭ ላይ ግን ከግርግሩ ማግስት የተሰማው ሌላ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ የተሳተፉትን ከአገር ማስወጣት ይገባል አሉ።

ማስወጣት! ዛሬ የገደቡ ክብደት ወደዚያ እየዞረ ነው። በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተቃውሞ አስተባባሪ የነበረውን ማህሙድ ካሊልን ግሪን ካርድ እያለው አሰረው። በወንጀል አልከሰሰውም፤ የጠቀሰው በአገሪቱ የውጭ ፖሊሲ ላይ ጉዳት ያመጣል የተባለን የውጭ ዜጋ ለማስወጣት የሚፈቅደውን የ1952 የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በዳኛ ትእዛዝ እስኪለቀቅ ከሦስት ወር በላይ ሉዊዚያና ታሰረ። እንዲህ ያለውን ገደብ ለማስፈን አደባባይ መዝጋት አያስፈልግም። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ጥገኝነት ጠያቂ ዜናውን ሰምቶ ራሱ ቤቱ ይቀራል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለክርክርም ቦታ የለም። በጁላይ 2024 በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የሚኖሩ ባንግላዴሻውያን በአገራቸው ተማሪዎች ላይ የተወሰደውን እርምጃ ተቃውመው ጎዳና ወጡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 57ቱ ተፈረደባቸው፤ ሦስቱ ዕድሜ ልክ፣ ሌሎቹ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት። በሴፕቴምበር በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተለቀቁ። ምሕረት መምጣቱ መልካም ነው፤ ግን ምሕረት መብት አይደለም፣ ሰጪው ሲፈልግ ብቻ የሚመጣ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ውስጥ ወገኖቻችን ሲደበደቡና ሲገደሉ እዚያው ሆነው መጮህ አልቻሉም። ሊጮህላቸው የሚችለው አዲስ አበባ ነበር። ኅዳር 6 ቀን ተቃዋሚው ሰማያዊ ፓርቲ በሳዑዲ ዐረቢያ ኤምባሲ ፊት ሰልፍ ጠራ፤ ፖሊስ በዱላ በትኖ ብዙዎችን አሰረ። መንግሥት ሰልፉ ሕገ ወጥ ነው፣ በአረቦች ላይ ጥላቻ ያነሣሣል አለ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ በኤምባሲዎች አቅራቢያም ርቀት ይወስናል። ርቀቱን ማስጠበቅ ይቻል ነበር። ልጇ መንፉሃ የቀረባት እናት ግን ከኤምባሲው ራቅ ብላም ቢሆን የምትቆምበት ቦታ አልተሰጣትም።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ሲያርድ ሰልፉን የጠራው መንግሥት ራሱ ነበር። ሚያዝያ 14 ቀን መስቀል አደባባይ በሕዝብ ሞላ። ከሐዘንተኛው መካከል መንግሥትን የሚወቅስ ድምፅ ሲሰማ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ በኋላም የሰማያዊ ፓርቲ አባላት በዚያ ሰልፍ ሁከት አስነሥታችኋል ተብለው ተከሰሱ።